ላክሳማና፦ መርከብ ያለው ማዕረግ፣ መርከብ ያጣ ማዕረግ

በ1980ዎቹ የኢራቅ መንግሥት ለጣሊያን የመርከብ ሠሪዎች ገንዘብ ከፍሎ አነስተኛ የጦር መርከቦች አሠርቶ ነበር። መርከቦቹ ተሠርተው አለቁ፤ ኢራቅ ግን አልተረከበቻቸውም። መጀመሪያ ከኢራን ጋር የነበረው ጦርነት፣ ቀጥሎ ኩዌትን በመውረሯ የተጣለባት ማዕቀብ መንገዱን ዘጋው። ባለቤት አጥተው ዓመታት ከቆሙ በኋላ አራቱን ማሌዢያ ገዛቻቸው። በ1997 እና በ1999 ባሕር ኃይሏን ሲቀላቀሉ አዲስ ስም ወጣላቸው፦ ላክሳማና ሃንግ ናዲም፣ ላክሳማና ቱን አብዱል ጀሚል፣ ላክሳማና ሙሐመድ አሚን፣ ላክሳማና ታን ፑስማህ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአራቱም ስሞች ፊት አንድ ቃል አለ፤ "ላክሳማና"። ዛሬ በማሌዢያ ባሕር ኃይል "አድሚራል" ማለት ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ደግሞ በማላካ ሱልጣን ቤተ መንግሥት የባሕሩ ጦር አዛዥ የሚሾምበት ማዕረግ ነበር። በመካከሉ ያለው ዘመን ግን ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ቃሉ አንድ ጊዜ ከንጉሡ በላይ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ የወንዝ ኬላ ቀረጥ መሰብሰቢያ ሆኖ ቀርቷል፤ አንድ ጊዜም በግዞት ወደ ሲሼልስ ተግዟል። ደጃዝማችና ፊታውራሪ ከጦር ሜዳ ተነስተው እንዴት የክብር መጠሪያ እንደሆኑ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የማላዮቹ ታሪክ የሚለየው ማዕረጉ ወደ ሥራው ተመልሶ መምጣቱ ነው። እንዴት ጠፍቶ እንዴት እንደተመለሰ ለማየት ከመጀመሪያው መነሳት ያስፈልጋል።

◾️ ንጉሥ የሚሰጠው፣ ንጉሥ የሚነሳው

የማላካ ሱልጣኔት የተቆረቆረው በ1400 ገደማ ነው። ከተማዋ ከሕንድ፣ ከዓረብና ከቻይና የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ የተቀመጠች ስለነበረች ሀብቷ ሁሉ ከውሃው ነው። ስለዚህ ውሃውን የሚጠብቅ ሰው ተራ ሹም ሊሆን አይችልም ነበር። በቤተ መንግሥቱ ከሁሉ በላይ የነበረው ቤንዳሃራ እንደ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ፔንጉሉ ቤንዳሃሪ ግምጃ ቤቱንና ገቢውን ይይዛል፤ ቴመንጉንግ የከተማዋን ጸጥታ ያስከብራል። ላክሳማና ደግሞ የንጉሡን የጦር ጀልባዎች ይመራል፤ የንጉሡንም አካል ይጠብቃል። ቃሉ ከሕንዱ የራማያና ታሪክ እንደመጣ ይታመናል፤ ላክሽማና የራማ ታናሽ ወንድም ነው፤ በስደትም በጦርነትም ከጎኑ ያልተለየ ታማኝ። ማላዮች ከሰለሙ በኋላም ስሙን አልጣሉትም።

በማዕረጉ ከሁሉ የገነነው ሃንግ ቱዋ ነው። በእውን የኖረ ሰው ስለመሆኑ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ማላዮች ስለ ሥልጣን የሚያስቡትን ለመረዳት ግን ከእርሱ ታሪክ የተሻለ በር የለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጠናቀረው የማላዮች ዜና መዋዕል "ሰጃራ መላዩ" እንዲህ ይተርካል። ሃንግ ቱዋ የሱልጣን ማንሱር ሻህ ወታደር ነበር። ነገረ ሠሪዎች ከንጉሡ ጋር አጣሉት፤ ንጉሡም ሳይመረምር ሞት ፈረደበት። ፍርዱን እንዲያስፈጽም የታዘዘው መኮንን ግን ይህ ሰው አንድ ቀን ይፈለጋል ብሎ በድብቅ አኖረው። ብዙም ሳይቆይ የሃንግ ቱዋ ጓደኛ ሃንግ ካስቱሪ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አምፆ ግቢውን ያዘ፤ ሊቋቋመው የሚችል ሰው ጠፋ። ንጉሡ "ቱዋ ቢኖርማ!" ብሎ ሲቆጭ፣ አለመሞቱ ተነገረው። ሃንግ ቱዋ ከተደበቀበት ወጣ፤ ጓደኛውን ገደለ። ያን ጊዜ ንጉሡ የራሱን ልብስ አለበሰውና "ላክሳማና" ብሎ ሾመው።

የጽሑፉ ሌላ ዘር የሆነው "ሒካያት ሃንግ ቱዋ" ዐመፀኛውን ሃንግ ጀባት ይለዋል፤ ያመፀውም ንጉሡ በጓደኛው ላይ በፈጸመው ግፍ ተቆጥቶ እንደሆነ ይተርካል። በዚህ የተነሳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የማላይ ጸሐፍትና የቲያትር ሰዎች ትልቅ ጥያቄ አነሱ። ማነው ጀግናው? የበደለውን ንጉሥ ሳይቀር ያገለገለው ቱዋ ነው ወይስ ግፍን አልቀበልም ያለው ጀባት? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ከቅኝ ግዛት የወጣች አገር ሹሞቿ ለማን መታመን እንዳለባቸው የምትጠይቅበት መንገድ ነበር።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር በግልጽ ይታያል። ማዕረጉ ከንጉሡ እጅ የሚሰጥ ነው፤ ያው እጅ መልሶ ይወስደዋል። በሰጪውና በተቀባዩ መካከል የሚቆም ሕግ የለም። ያለው የአንድ አስተዋይ መኮንን ብልሃት ብቻ ነው።

◾️ የአንድ አድሚራል ምላስ

ብልሃተኛ መኮንን በሌለበት ጊዜ የሚሆነውን ማላካ በ1510 አየችው። በዚያን ጊዜ ላክሳማና የነበረው ኮጃ ሀሰን ነው። ቤንዳሃራው ቱን ሙታሂር ሀብታምና ኃይለኛ ሰው ነበር፤ ጠላትም አላጣም። በሁለት ነጋዴዎች መካከል የተነሳ የክርክር ጉዳይ ወደ እርሱ ቀርቦ ሳለ አንዱ ወገን ቤንዳሃራው ጉቦ በልቶ ሊያስገድለው እንደሆነ ሰማ። ፈርቶ ወደ ላክሳማናው ሮጠ፤ ወርቅና ጌጥ አቀረበ፤ "ቤንዳሃራው ዙፋኑን ሊገለብጥ ነው" ሲልም ነገረው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ኮጃ ሀሰን የወርቁን ብዛት ሲያይ ልቡ ተሸነፈ፤ ወሬውን ለሱልጣን ማሕሙድ አደረሰ። ሱልጣኑ ቀድሞም በቤንዳሃራው ቂም ነበረበት። ቱን ሙታሂርና ቤተሰቡ ተገደሉ።

ነገሩ ሐሰት መሆኑ ሲገለጥ አሳባቂዎቹ በሞት ተቀጡ፤ ኮጃ ሀሰን ደግሞ ከላክሳማናነቱ ተሻረ፤ ንብረቱም ተወረሰ። ቤንዳሃራው ግን አይመለስም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1511፣ የፖርቱጋሉ አልቡከርክ መርከቦቹን ይዞ መጣና ማላካን ያዘ። ከተማዋ የወደቀችው በሹም ሽሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የፖርቱጋሎች መድፍና የጦር ስልት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን ጠላት በሩ ላይ ሲደርስ አገሪቱ ዋና ሚኒስትሯን በራሷ እጅ ገድላ፣ የባሕር አዛዧን አዋርዳ ነበር። ለባሕሩ ጥበቃ የተሰጠ ማዕረግ ለቤተ መንግሥት ሽኩቻ መዋሉ ዋጋ አስከፍሏል።

ከውድቀቱ በኋላ ሱልጣን ማሕሙድ ወደ ቢንታን ደሴት ሲሸሽ ማዕረጉ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲሱ ላክሳማና ሃንግ ናዲም ነው፤ ከጣሊያን ከተገዙት መርከቦች የመጀመሪያው ስሙን የያዘለት። እርሱ ከተማ አልነበረውም፤ ጀልባዎች ግን ነበሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በውሃ ላይ ተወልደው በውሃ ላይ የሚሞቱት "ኦራንግ ላውት"፣ የባሕር ሰዎች፣ ለማላካ ሱልጣኖች ያላቸውን ታማኝነት አላቋረጡም። ማላካን ደጋግሞ አጠቃ፤ እህል የሚያመጡ መርከቦችን እያቋረጠ የያዟትን ፖርቱጋሎች አስራበ። ፖርቱጋሎች ቢንታንን ያጠፉት በ1526 ነው። ከተማዋ ከወደቀች 15 ዓመት አልፎ ነበር።

ከጠባቡ ባሕር ማዶ በሱማትራ ጫፍ ባለችው አቼህም ማዕረጉ ይሠራ ነበር። በዚያ በ1599 የሆላንዱን የባሕር መሪ ኮርኔሊስ ደ ሃውትማንን ድል ያደረገችው ማላሃያቲ የምትባል ሴት ላክሳማና እንደሆነች ይነገራል። ኢንዶኔዢያ በ2017 ከብሔራዊ ጀግኖቿ አንዷ አድርጋ አውጃታለች።

◾️ ከንጉሡ የገዘፈው ላክሳማና

ከማላካ ፍርስራሽ የተነሳው መንግሥት ጆሆር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጆሆር ላክሳማና ቱን አብዱል ጀሚል ነበር። "ቱን" የመኳንንት ልጅ መሆኑን የሚያሳይ መጠሪያ ነው። ሰውዬው ጎበዝ የባሕር አዛዥ፣ ከዚያም በላይ ጎበዝ ፖለቲከኛ ነበር። የጆሆር አልጋ ወራሽ ከሱማትራዋ ጃምቢ ልዕልት ጋር ታጭቶ ሳለ ዝምድናው ፈረሰና የላክሳማናውን ልጅ አገባ። ጃምቢ ስድቡን አልዋጠችም። ጦርነት ተነሳ፤ በ1673 የጃምቢ ጦር የጆሆርን ዋና ከተማ አቃጠለ። ሽማግሌው ሱልጣን ወደ ፓሃንግ ሸሽቶ እዚያው ሞተ።

የሚገርመው፣ ለእሳቱ ምክንያት የሆነው ሰው እሳቱን ያጠፋውም እርሱ መሆኑ ነው። ቱን አብዱል ጀሚል የባሕር ሰዎቹን ሰበሰበ፤ በሪያው ደሴቶች አዲስ መናገሻ አቋቋመ፤ ነጋዴውን መልሶ ሳበ፤ ጃምቢንም በተራዋ አስጠቃ። ጆሆር ከአመድ ተነሳች። ነገር ግን መንግሥቱን ያነሳ እጅ መንግሥቱን አልለቅም አለ። በ1685 ሱልጣን ኢብራሂም ሲሞት ዙፋኑ ለትንሽ ልጁ ለማሕሙድ ደረሰ። "ፓዱካ ራጃ" የሚል ተጨማሪ የክብር ስም የነበረው ላክሳማና አሁን በስም ሹም፣ በተግባር ንጉሥ ሆነ። ልጆቹንና ዘመዶቹን በየሥልጣኑ ወንበር አስቀመጠ፤ የወደቡ ገቢም በእርሱ ቤት በኩል ማለፍ ጀመረ።

የቀሩት መኳንንት በቤንዳሃራው መሪነት በ1688 ተነሱበት። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ብልሃታቸውን ያሳያል፤ ሕፃኑን ሱልጣን ከእጁ አወጡ። በማላዮች ዘንድ ንጉሡ ካለበት ወገን መዋጋት ክህደት ነው። ሱልጣኑ ከእጁ ሲወጣ ለማዕረጉ የሚታዘዘው ሰውም አብሮ ወጣ። ላክሳማናው ሀብቱንና ቤተሰቡን በጀልባ ጭኖ ወደ ትሬንጋኑ ሲሸሽ ተከታትለው ደረሱበት። ጥይቱ ሲያልቅበት የስፔን ብር ሳንቲሞችን በጠመንጃ እያጎረሰ ተኮሰ ይባላል። ገንዘቡም አላዳነውም።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው አባባል እዚህ ተገልብጦ ይነበባል። ይህ ሰው ተሹሞ በልቷል፤ የበላውን ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት በጠላቶቹ ላይ ተኩሶታል። የማሌዢያ ባሕር ኃይል ስሙን ለመርከብ ሲሰጥ ሁለቱንም ገጹን አብሮ ወርሷል፤ አገር ያነሳውን አዛዥና አገር የጠቀለለውን ሹም።

◾️ ባሕር የሌለው አድሚራል

ከዚያ በኋላ ሆላንዶችና እንግሊዞች ባሕሩን ተካፈሉት። የማላይ ሱልጣኖች በየወንዛቸው ተወሰኑ። ማዕረጉ ግን አልሞተም። ለምሳሌ በፔራክ መኳንንቱ በአራት፣ በስምንት፣ በአሥራ ስድስትና በሠላሳ ሁለት ተደልድለው የተቀመጡ ናቸው። ላክሳማናው ከስምንቱ አንዱ ነው። መርከብ ተዋጊ የለውም፤ የወንዙን አፍና የባሕር ዳርቻውን ይዟል። ከሚያልፈው ቆርቆሮና ሸቀጥ ቀረጥ ይቀበላል። በሌላ አነጋገር የባሕር ጦር አዛዥነቱ የኬላ ባለቤትነት ሆነ።

በ1870ዎቹ ፔራክ በቆርቆሮ ማዕድን ጠብና በዙፋን ሽሚያ ታመሰች። እንግሊዞች ይህን አጋጣሚ አላሳለፉትም። በጥር 20 ቀን 1874 በፓንግኮር ደሴት ስምምነት ተፈረመ። ራጃ አብዱላ ሱልጣን ሆነ፤ በምላሹ እንግሊዛዊ እንደራሴ ተቀበለ። ከሃይማኖትና ከባህል በስተቀር በማናቸውም ጉዳይ የእንደራሴው ምክር ሊጠየቅና ሊፈጸም ግድ ነው ይላል ውሉ። "ምክር" የተባለው ነገር ትእዛዝ መሆኑን መኳንንቱ ቆይተው ነው የተረዱት።

የመጀመሪያው እንደራሴ ጀምስ በርች ነበር። ቋንቋውን አያውቅም፤ ትዕግሥትም አልነበረውም። የየወንዙን ኬላ ከመኳንንቱ ነጥቆ ቀረጡ ሁሉ ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ወሰነ። በዕዳ የተያዙ ባሪያዎችን ያስጠጋ ነበር። ሁለተኛው ነገር ፍትሕ ነበረው፤ የመጀመሪያውም ለዘመናዊ አስተዳደር ያስፈልጋል ሊባል ይችላል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ፣ በባዕድ እጅ፣ ያለ በቂ ካሳ ሲደረግ መኳንንቱ የቀራቸው ስም ብቻ ሆነ። ላክሳማና ሙሐመድ አሚን ከእነዚህ አንዱ ነው። በሥልጣኑ የቀረችውን የመጨረሻዋን ነገር፣ ኬላውን፣ አጣ።

በርች በኅዳር 2 ቀን 1875 በፓሲር ሳላክ በወንዙ ዳር ተገደለ። ግድያውን የመራው ማሃራጃ ሌላ ነው፤ ይህም ስም ሳይሆን ከስምንቱ ማዕረጎች አንዱ ነው። እንግሊዞች ከሕንድና ከሆንግ ኮንግ ጦር አመጡ። ማሃራጃ ሌላና ግብረ አበሮቹ በጥር 20 ቀን 1877 ተሰቀሉ። የፓንግኮር ውል ከተፈረመ ልክ ሦስት ዓመት በሞላው ቀን መሆኑ ነው። ሱልጣን አብዱላ፣ ላክሳማናው፣ ሻህባንዳሩና ሌላው ሚኒስትር ሴራውን ያውቁ ነበር ተብለው ወደ ሲሼልስ ተጋዙ። ዛሬ የማሌዢያ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ዜማ ከዚህ የግዞት ደሴት ከሱልጣኑ ቤተሰብ ጋር መጣ ይባላል።

የላክሳማና ታሪክ ከዚህ በላይ የወረደበት ጊዜ የለም። የባሕር አዛዥ ተብሎ የተጠራ ሰው በሕይወቱ ትልቁን የባሕር ጉዞ ያደረገው በሌሎች መርከብ፣ እስረኛ ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች ያደረጉት ነገር ደግሞ ከግዞቱ ይበልጥ ረቂቅ ነበር። ማዕረጎቹን አልሰረዙም። ለመኳንንቱ ደመወዝና አበል ቆርጠው፣ ካባውንና ሥነ ሥርዓቱን ትተው፣ ሥራውን ለራሳቸው ቢሮዎች ወሰዱ። ክብሩ ሙሉ፣ ሥልጣኑ ባዶ ሆነ። በዚህ ዘዴ የማይቀየም መኳንንት አገኙ።

◾️ ማዕረግ ወደ ሥራው ሲመለስ

ለውጡ የመጣው ከታች ነው። በ1934 እንግሊዞች በሲንጋፖር አካባቢ የበጎ ፈቃደኞች የባሕር ጦር አቋቋሙ፤ በ1939 ደግሞ የንጉሣዊው ባሕር ኃይል የማላይ ክፍል ተመሠረተ። የተመለመሉት የመኳንንት ልጆች ሳይሆኑ የአሣ አጥማጅና የገበሬ ልጆች ነበሩ። ጃፓን ማላያን ስትይዝ ብዙዎቹ ሞቱ ወይም ተማረኩ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ክፍሉ ገንዘብ የለም ተብሎ ተበተነ። ኮሚኒስቶች ጫካ ሲገቡ ግን ባሕሩን የሚጠብቅ ተፈለገና በ1948 መጨረሻ እንደገና ተቋቋመ። በ1952 "ንጉሣዊ" የሚለው ስም ተጨመረለት። አገሪቱ በ1957 ነጻ ስትወጣ፣ በ1958 ጦሩ ከእንግሊዝ እጅ ወደ አዲሱ መንግሥት ተዛወረ።

አዛዦቹ ግን ለአሥር ዓመት ያህል የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ በተለይ አውስትራሊያውያን መኮንኖች። ባንዲራው የአገሬው፣ ባሕረኛው የአገሬው፣ አዛዡ የውጭ። ከኢንዶኔዢያ ጋር ከ1963 እስከ 1966 የተደረገው ፍጥጫም በዚሁ አዛዥነት አለፈ። በታኅሣሥ 1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሪቱ ተወላጅ ባሕር ኃይሉን ተረከበ። በእንግሊዙ የዳርትመዝ የባሕር ኃይል ኮሌጅ የሠለጠነው ታናባላሲንጋም ነው፤ ዕድሜው ገና 31 ነበር። አባቶቹ የማላካ መኳንንት አይደሉም፤ የታሚል ዝርያ ነው። በ1976 ጡረታ ሲወጣ ማዕረጉ ላክሳማና ሙዳ፣ ማለትም ሪር አድሚራል ነበር። የሱልጣኖቹ የነበረው ስም በመጀመሪያ ያረፈበት የባሕር ኃይል አዛዥ የሱልጣኖቹ ዘር ያልሆነ ዜጋ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ አዛዥነቱን የተረከበው ሞሐመድ ዛይን ሞሐመድ ሳለህ የመጀመሪያው ማላይ የባሕር ኃይል አዛዥ ሆነ።

በዚህ ሥርዓት ማዕረጉ ደረጃ በደረጃ ይሰላል። ላክሳማና ፐርታማ እንደ ኮሞዶር ነው፤ ላክሳማና ሙዳ ሪር አድሚራል፣ ላክሳማና ማድያ ምክትል አድሚራል፣ ላክሳማና ብቻውን ሲቆም ሙሉ አድሚራል ነው። ወደዚያ የሚደርሰው መኮንን ከካዴትነት ጀምሮ መርከብ ላይ ያገለገለ፣ ፈተና ያለፈ፣ በጊዜው የሚሾምና በጊዜው ጡረታ የሚወጣ ነው። ንጉሥ ልብሱን ስላለበሰው ብቻ ላክሳማና የሚሆን የለም።

ከዚህ ጎን ለጎን የድሮው የክብር ስም ሌላ መንገድ ይዞ ቀጠለ። የፌዴራሉ መንግሥት ከ1958 ጀምሮ ኒሻኖችን አቋቋመ። ከፍተኛው "ቱን" ያሰኛል፤ ቀጥሎ "ታን ስሪ"፣ ቀጥሎ "ዳቱክ"። ክፍለ አገሮቹም በየሱልጣኖቻቸውና በየገዢዎቻቸው በኩል የየራሳቸውን ይሰጣሉ። የባሕር ኃይል አዛዦች አብዛኞቹ ከነዚህ አንዱን ያገኛሉ፤ ታናባላሲንጋምም ታን ስሪ ነው። ስለዚህ የአንድ አድሚራል ስም ሲጻፍ ሁለት ማዕረግ ይደራረብበታል፤ "ላክሳማና ታን ስሪ እገሌ"። የመጀመሪያው የሥራ ነው፤ ሥራው ሲያበቃ "ጡረተኛ" የሚል ቃል ይቀጠልበታል። ሁለተኛው የክብር ነው፤ ካልተነጠቀ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ለሚስትም ይተርፋታል፤ የታን ስሪ ሚስት "ፑዋን ስሪ"፣ የዳቱክ ሚስት "ዳቲን" ትባላለች።

ይህ መለያየት የማሌዢያ ትልቅ ብልሃት ነው። የአዛዥነቱ ስም በሥራ፣ የክብሩ ስም በስጦታ ተለየ። ችግሩ የመጣው በስጦታው በኩል ነው። የክብር ስም በንግድ ስብሰባ በር የሚከፍት ነገር ሲሆን ገበያ ወጣለት። የሚሸጡ ደላሎችና ራሳቸውን "ዳቱክ" ብለው የሚጠሩ አጭበርባሪዎች ስለበዙ አገሪቱ በ2017 ልዩ ሕግ አወጣች፤ የሐሰት ማዕረግ መያዝም መሸጥም ወንጀል ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር ሞሐመድ ከሰላንጎር ቤተ መንግሥት ጋር ተጋጭተው ያገኙትን ኒሻን መለሱ። ናጂብ ራዛክ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ደግሞ አንዳንድ ቤተ መንግሥቶች የሰጧቸውን የክብር ስም አነሱ። የድሮው ልማድ ቅሪቱ ይታያል፤ የሰጠ እጅ ይነሳል። ልዩነቱ፣ ዛሬ የሚነሳው ስሙ ነው እንጂ አንገቱ አይደለም።

◾️ የማሃራጃ ሌላ መርከብ

ዛሬ የማሌዢያ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈር ሉሙት ነው፤ በፔራክ ዳርቻ። ፊት ለፊቱ የፓንግኮር ደሴት ይታያል። የላክሳማናው አለቆችና ጓዶች አገራቸውን በወረቀት ያስረከቡበት ደሴት ማለት ነው። አካባቢው ራሱ በዚያው ውል ለእንግሊዝ ተሰጥቶ ወደ ፔራክ የተመለሰው በ1935 ነበር። የድሮው የወንዝ አፍ አድሚራል ኬላውን ካጣበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ ላክሳማናዎች የጦር መርከብ ያዛሉ።

የመርከቦቹ ስም ዝርዝርም ለማንበብ ያስደስታል። ሃንግ ቱዋ የመርከብ ስም ሆኗል፤ ያመፀው ጀባትም፣ በዜና መዋዕሉ በወዳጁ እጅ የሞተው ካስቱሪም እንዲሁ። መንግሥት ታማኙንም ዐመፀኛውንም በአንድ ወደብ አስሯቸዋል። ጸሐፍቱ ለዘመናት የተከራከሩበትን ጥያቄ ባሕር ኃይሉ ለሁለቱም ወገን መልሶታል።

አንዱ ስም ግን ገና ፈተና ላይ ነው። አገሪቱ በ9 ቢሊዮን ሪንጊት ስድስት ዘመናዊ የጦር መርከቦችን በሉሙት ለማሠራት ወሰነች። የመጀመሪያዋ በ2017 በሥነ ሥርዓት ስትመረቅ "ማሃራጃ ሌላ" ተባለች፤ በ1877 በተሰቀለው የፔራክ መኮንን ማዕረግ። የምትረከብበት ጊዜ 2019 ነበር። በነሐሴ 2022 የፓርላማው የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ ሪፖርቱን ሲያወጣ ከ6 ቢሊዮን ሪንጊት በላይ ተከፍሎ አንዲት መርከብ እንኳ እንዳልተረከበች አረጋገጠ። በዕቅዱ መሠረት እስከዚያ ድረስ አምስቱ መግባት ነበረባቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በኋላ ቁጥሩ ከስድስት ወደ አምስት ወረደ፤ መንግሥትም የመርከብ ማሠሪያውን በራሱ እጅ አስገባ።

ይህ ጉዳይ ከኮጃ ሀሰን ዘመን የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በ1510 ወሬው የደረሰው ለንጉሥ ጆሮ ብቻ ስለነበር አንድ ቤተሰብ አለቀ። በ2022 ሂሳቡ የቀረበው በፓርላማ ፊት፣ በይፋ፣ በቁጥር ነው። የሚጠየቁትም ማዕረጋቸው የቱንም ያህል ቢረዝም ተጠየቁ። ማሌዢያ ማዕረጎቿን ጠብቃ ያቆየችው ወደ ሙዚየም ስለከተተቻቸው አይደለም። "ላክሳማና" የሚለውን ስም የሚይዝ ሰው መርከቡ የት አለ ተብሎ የሚጠየቅበትን ሥርዓት፣ እየተንገዳገደም ቢሆን፣ ስለሠራች ነው። ሃንግ ናዲም ከተማ ሳይኖረው በጀልባዎቹ ላክሳማና ነበር። የፔራኩ ሙሐመድ አሚን ስሙ ሳይነካ መርከብም ኬላም አጥቶ እስረኛ ሆኗል። ባሕር ኃይሉ ሁለቱንም መርከብ ሰይሞላቸዋል፤ የሁለቱን ልዩነት ማስታወስ ግን ዛሬ ማዕረጉን የያዙት ሰዎች ሥራ ነው።